የዳዲ ግቢ መሪ ፈረስ

ከአባቷ ካልጀመሩት የሲንቄ ነገር አይገባም። ኦቦ ዳዲ አናጢ ነበሩ። አምቦ ላይ፣ ወንዙ ዳር ባለው ቦታቸው ዥዋዥዌ ሰቀሉ፤ የወደቀ የትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አክሰል መሬት ላይ ተክለው፣ ከዋንዛ የጠረቧቸውን ፈረሶች በዙሪያው ገጠሙ። ፈረሶቹን ቤተሰቡ ራሱ እየገፋ ያዞራቸዋል። ለበዓል ከጊንጪና ከእጃጂ ሳይቀር ልጁን ይዞ የማይመጣ አልነበረም። ሰዉ «የዳዲ ግቢ» አለው፤ ስሙም ጸና።

ኦቦ ዳዲ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ጨዋታ የለም። የፈረሰኛ አገር አይደል? ጀግና ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ የሟቹ ጋሻና ልብስ ተደርጎበት ለቅሶ ላይ ይጎተታል። እሳቸውም መሪውን የእንጨት ፈረስ እንዲሁ አልብሰው ወደ መንገዱ ያዞሩታል። ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል።

አብዮቱ መጣና ቦታው የመንግሥት ሆነ። ኦቦ ዳዲ ብዙም ሳይቆዩ በንዴት ሞቱ። ሲንቄን ቀበሌው ቀጥሮ እዚያው አስቀራት፤ በገዛ አባቷ ግቢ ሠራተኛ! ማደሪያዋ ከበሩ ርቃ በወንዙ በኩል ያለችው ክፍል ናት። ጥላ እንዳትሄድ ሌላ ቤት የላትም፤ እንዳትናገር «አድኃሪ» ትባላለች። ባሏ ሞቶ በቀራት አንድ ልጅ፣ በሌታ ተጽናንታ ፈረሶቹን ስትገፋ፣ እዚያው ስትዞር ጸጉሯ ሸበተ። አንገሸገሻት፤ ግን ወዴት ትሂድ?

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ሌታ ዕድሜው ደርሷል። ጎጆ ከተማ ላለችው እህቷ ላከችውና አስማለችው፤ «ሞቴን ካልሰማህ አምቦን እንዳትረግጥ!»

በ1978 የአብዮት በዓል ዋዜማ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከበበው መጣ። ከሌላ አገር የተመደበ ሰው ነው።

«ነገ ግቢው ለወጣቱ በነጻ ይከፈታል። ሲሞላ በሩ ይዘጋል፣ መኪና ይመጣል፣ ወደ ጦር ካምፕ ነው። ገባሽ?»

ገባት። «ጓድ፣ የሰው ልጆች እኮ ናቸው! እናቶቻቸውን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

«በዚያው ዓይንሽ። እስከዚያ ከግቢ አትወጪም፣ ከሰው አትነጋገሪም። ይልቅ ፈረሶቹን አስጊጫቸው» አለና ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ በሩ ላይ አቁሞ ሄደ።

ሲንቄ በቁሟ ተቃጠለች። ሌታስ ጎጆ ነው፣ ተመስገን። ከአጥሩ ማዶ ያለችው የጎረቤቷ የብርቅነሽ ልጆችስ? አብረው አሳድገዋቸው የለ! ዝም ብትል የሰው ልጅ ማስበላት፣ ብትጮህ እስር ቤት። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል! ያኔ የአባቷ ሕግ ትዝ አላት። መሪውን ፈረስ ኮርቻ ጫነችው፤ የአባቷን ጋቢና ጋሻ ደርባ ወደ መንገዱ አዞረችው። «ጨዋታ የለም፣ አትምጡ» ማለቷ ነው።

ከበበው ተመልሶ ሲያየው፣ «ጎሽ! ማስጌጥ እንዲህ ነው!» አለና ክፍሏ ውስጥ አስቆለፈባት።

ትንሽ ቆይቶ ከመንገዱ ጩኸት ሰማች። ገብቷቸዋል ብላ ደስ አላት።

አይ ሲንቄ! በአባቷ ጊዜ ሟቹ ይታወቅ ነበር፤ ሰውም ወደዚያ ይሄዳል። አሁን በሰፈሩ የሞተ የለም። ታዲያ የዳዲ ጋቢ በዳዲ ፈረስ ላይ ከዋለ ማን ሞተ ሊባል ነው? ብርቅነሽ ደረቷን እየመታች፣ «እኔን! ሲንቄ ሞተች!» ብላ በሩ ላይ ደረሰች። ሌላ እንዳይናገር የታዘዘው ዘበኛ ደግሞ፣ «ዛሬ አይቻልም፣ ነገ ትገባላችሁ» አላት። ቀብሩ ነገ ነው ማለት ነው ብለው ጭራሽ አመኑ። መርዶውም ድንች ሊያመጣ ጎጆ በሚወጣው መኪና ተሳፈረ።

በማግስቱ የመጣው ሕዝብ ለጉድ ነው። ለጨዋታ ቢሆን ግማሹም አይመጣ፤ ከለቅሶ ግን ማን ይቀራል? ወጣቱ የዕድሩን ድንኳን ተሸክሟል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ፈረሶቹን እንድትገፋ ሲከፍቱላት ሲንቄ እየሮጠች ወጣች።

«አልሞትኩም! ውጡ! ሂዱ፣ ተመለሱ!»

ማን ይስማት! «አለች! አለች!» እያለ ከውጭ የቀረውም በእልልታ ተጋፍቶ ገባ። በመጨረሻ አንድ አቧራ የጠጣ ጎረምሳ ሰዉን እየገፈተረ ደረሰና አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

«ሃርሜ! እናቴ! ሞተች ብለውኝ! አለሽ እኮ!»

ሌታ ነው። ይስቃል፣ ያለቅሳል።

«ምነው መጣህ፣ ልጄ? ምነው?»

«ሞቴን ካልሰማህ አላልሽኝም?»

ከጀርባው ዘበኛው በሩን ዘግቶ ሰንሰለቱን ይጠመጥማል። የመኪናዎቹ ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ። ብርቅነሽ በሩን አየች፤ ድንኳን የተሸከሙትን ልጆቿን አየች። ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ የጀመሩት ሴቶች እንደ ዘቀዘቁት ተዉት፤ ለቅሶውም ተጀመረ።