የአሸዋው ከረጢት

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ሦስት ዓመት በፊት የራጅ ተማሪዎች ሆነን ለልምምድ አሰላ ሆስፒታል ስንላክ፣ ስለ ጥርስ ራጅ የማውቀው ሁሉ በአንድ የራስ ቅል ላይ የተማርኩት ነበር። የራስ ቅል ጥሩ በሽተኛ ነው። ፊልም ሲያስገቡበት አያቅለሸልሸውም፣ አይንቀሳቀስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄ አይጠይቅም። ሰው እንደሚጠይቅ የነገረን አልነበረም፤ ወይም ተነግሮን እኔ አልሰማሁም።

የመጀመሪያዋ በሽተኛዬ ከጎበሳ የመጡ ባልቴት ነበሩ። ግራ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ሊዘጋው ደርሷል። ልጃቸው ግማሹን መንገድ በበቅሎ፣ ግማሹን በጭነት መኪና አምጥቷቸው ደጅ ተቀምጧል። ሐኪሙ ሥሩን በራጅ ሳላይ አልነቅልም ብሏል። መምህራችን ደግሞ ጠዋት፣ የመጀመሪያ ፊልሙ የተበላሸበት ተማሪ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል ብሎ አስጠንቅቆናል። የእሳቸው ጥርስም የእኔ ትምህርትም በዚያች አውራ ጣት በምታህል ፊልም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፊልሙን ከድዳቸው ጋር አጣብቄ በጣታቸው እንዲይዙት አሳየኋቸው። አልተቸገሩም። ማሽኑን ወደ ጉንጫቸው አስጠግቼ ወደ በሩ ስራመድ ግን ፊልሙን ከአፋቸው አወጡት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የማሽኑ ቁልፍ ውጭ ነው፣ እማማ። አሁን እመለሳለሁ።»

«ይሄ ነገር ይጎዳል?»

«ኧረ አይጎዳም!»

«ታዲያ ለምን ትሸሺያለሽ?»

መምህራችን፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ለሚቆም ሠራተኛ ይጎዳል፣ አንዴ ለሚነሳ በሽተኛ ግን ምንም አይደል ብሎን ነበር። ይህንኑ በአማርኛ ስጀምረው ማመካኛ መሰለ፤ በማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ ስሞክረው ጭራሽ ባሰ። እውነቱን ለመናገር ለራሴም በደንብ አልገባኝም ነበር። እሳቸውን የማይጎዳ ከሆነ እኔን ዛሬ አንዴ ብቆም ምን ያደርገኛል? የሚጎዳ ከሆነስ ለምን እዋሻቸዋለሁ? ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

«እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም» አሉኝ። «ሂንዴሚን፣ አትሂጂ። ከሄድሽ እኔም እሄዳለሁ።» ሻሻቸውን አጥብቀው ከወንበሩ ተነሡ።

«እሺ፣ አልሄድም» አልኳቸው። «ይቀመጡና ዓይንዎን ይጨፍኑ።» እጄን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። ወዲያው ተረጋጉ፤ ፊልሙንም መልሰው ያዙ።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ነበር፤ የተሰበረ እግር ራጅ ሲነሳ እንዳይንቀሳቀስ የሚደገፍበት። በግራ እጄ አነሣሁትና ትከሻቸው ላይ እያስቀመጥኩ ቀኝ እጄን ቀስ አድርጌ ሳብኩ። በጫማዬ ጫፍ ወጣሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ተመለስኩ፣ ከረጢቱን አንሥቼ እጄን በቦታው መለስኩ። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነበር።

ፊልሙ ሲታጠብ አማረ። ሥሩም፣ መግል የቋጠረው ጥቁር ቦታም ቁልጭ ብሎ ወጣ። መምህሩ ብርሃን ላይ ይዞ ለሌሎቹ አሳያቸው። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። ፊቴ ጋለ፤ ደስታ ይሁን እፍረት መለየት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥርሱ ሊነቀል ሲል «ያቺ ልጅ ትምጣልኝ» ብለዋል ተባልኩና ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እጄን ራሳቸው ይዘው ትከሻቸው ላይ አስቀመጡት፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። 

«የቅድሙ እጅሽ ይከብድ ነበር» አሉ።

እጄን ሳይለቁ አፋቸውን ለሐኪሙ ከፈቱ።