ሜዳይ የተሰፋበት ኮት

የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዛሬም ቆም እላለሁ። በሪያድ፣ በመንፉሐ ሰፈር ጠባብ መንገዶች የልብስ ማጠቢያ ሱቆች በራቸውን ከፍተው ስለሚተኩሱ ሽታው እስከ ውጭ ድረስ ይመጣል፣ ያኔ እናቴ ጥሩወርቅ ከመስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆማ፣ እርጥብ ጨርቅ ኮት ላይ አንጥፋ፣ በሙሉ ክብደቷ ካውያውን ስትጫን ትታየኛለች። እናቴ ለሰፈሩ ሀበሾች ልብስ እያጠበበች፣ እያሳጠረች፣ የተቀደደውን እየጠገነች ትሠራ ነበር። አባቴ ደምሴ ደግሞ ሱለይማኒያ በሚባል የባለፀጎች ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ስለነበር፣ ሳምንቱን በቪላው በር አጠገብ ባለች የሾፌር ክፍል እያደረ፣ ሐሙስ ማታ ወደ እኛ መጥቶ ዓርብን አብሮን ይውል ነበር። እኔ እዚያው ሪያድ የተወለድኩ አንድ ልጃቸው ነኝ።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ውብዓለም፣ ሱለይማኒያ ውስጥ በሌላ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ማዳሟ ለዓርብ ፈቃድ ስትሰጣት አባቴ በመንገዱ ይዟት ይመጣ ነበር፣ እሷም እግሯን ዘርግታ ፍራሹ ላይ ተጋድማ፣ የሳምንቱን ወሬ አውርታ፣ ስቃና አስቃን ትመለስ ነበር። የሪያድ በጋ ሊያልቅ ሲል፣ ነሐሴ ላይ፣ የማዳሟ ቤተሰብ ከዕረፍት ተመልሶ ቁም ሣጥኑን ሲያጸዳ፣ አባቴ ሥራ ይዞት በቀረበት አንድ ዓርብ፣ አክስቴ በታክሲ አንድ ትልቅ ፌስታል ይዛ መጣች።

«ይሄ የማሂ ነው» አለች ወደ እኔ እያየች። «ማዳም ራሷ ናት ውሰጂላት ያለችኝ። ልጇ ሰለቻት።»

ከፌስታሉ የወጣው አጭር ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነበር። ቁልፎቹ ወርቃማ ነበሩ፣ ትከሻው ላይ እንደ መኮንን ማዕረግ የተጎነጎነ ክር ነበረበት፣ በግራ ደረቱ ላይ ደግሞ በረድፍ በረድፍ ሜዳዮች ተንጠልጥለው ነበር፤ ኮከብ ያለበት፣ አንበሳ ያለበት፣ ዘውድ ያለበት፣ እያንዳንዱ ከየራሱ ባለ ቀለም ሪባን ጋር። ኮቱን ለብሼ ስራመድ ብረቶቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ይንሿሹ ነበር። ያንን ድምፅ ለመስማት ስል ብቻ ከክፍል ወደ ክፍል እመላለስ ነበር።

አባቴ ኮቱን ያየው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። አንዷን ሜዳይ በጣቱ አንሥቶ፣ ገልብጦ ጀርባዋን አይቶ፣ መልሶ ለቀቃት። «ይከብዳል» አለ። አባቴ በወጣትነቱ ወታደር እንደነበር አውቅ ነበር፣ ስለዚያ ዘመን ግን ብዙ አያወራም ነበር፣ እኔም አልጠይቅም ነበር።

ሙቀቱ ገና ስለነበር ኮቱን ለብሶ መውጣት አይቻልም ነበር። መስከረምና ጥቅምት እስኪያልፉ፣ ኤሲው እስኪጠፋና ማታ ማታ መስኮት መክፈት እስክንጀምር መጠበቅ ነበረብኝ። በዚያ መካከል እናቴ እጅጌውን አሳጥራ፣ ጎኑን አጥብባ፣ የባለፀጋ ልጅ ኮት የኔ ልክ እንዲሆን አደረገችው። ሜዳዮቹን ሳትነካ ዙሪያቸውን በጥንቃቄ ስትተኩስ አጠገቧ ተቀምጬ አያት ነበር።

ዓርብ ዓርብ ለምሳ የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ሻምበል ነበር የምንላቸው። አገር ቤት ሳሉ የአባቴ አዛዥ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ተለያይተው፣ ከዓመታት በኋላ መንፉሐ ውስጥ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ሳይታሰብ ተገናኙ። ሻምበል ሰናኢያ በተባለው የፋብሪካ ሰፈር የአንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሲቀመጡ ጀርባቸውን ግድግዳ የማያስደግፉ ሰው ነበሩ። አባቴ በዕድሜ ብዙም ባይርቃቸውም ከፊታቸው ሲቀመጥ እግሩን አያነባብርም ነበር።

የሪያድ ክረምት፣ የብርዱ ወቅት፣ በዝናብ ገባ። ሪያድ ዝናብ ሲጥልባት መሄጃው የማይታወቅ ውሃ መንፉሐን ኩሬ በኩሬ ያደርጋት ነበር፣ የኛም መንገድ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆይ ነበር። ገናን እንደ ወትሮው ቤታችን ውስጥ፣ መጋረጃውን ጋርደን፣ ድምፃችንን ቀንሰን አከበርን። አክስቴ ፈቃድ አግኝታ መጥታ ነበር፣ ሻምበልም ነበሩ። እናቴ ምሳውን እያቀረበች ሳለ ኮቴን ለብሼ፣ እየተንሿሿሁ ከውስጠኛው ክፍል ወጣሁ።

ሻምበል የቆረሱትን እንጀራ ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ነይ እስቲ ማሂ፣ ቅረቢ» አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሜዳይ ነው።»

«የማን?»

«የኔ ነዋ» አልኳቸው።

አክስቴ ሳቀች። «ጨርቅ እኮ ነው ሻምበል። የማዳም ልጅ ለፋሽን ለብሳ የሰለቻት ነው። የማንም አገር አይደለም።»

«የማንም ካልሆነ ደረት ላይ ምን ይሠራል?»

«ያምራላ።»

«ማማሩንማ አያለሁ» አሉ ሻምበል። «የኔን የሰጡኝ ቀን ግን ያማረ ነገር አልነበረም። አብረውኝ ወጥተው ያልተመለሱትን ልጆች ስም ልጥራልሽ ብል ምሳው ይበርዳል።»

አክስቴ መሳቋን ተወች። ሳምንቱን ሙሉ «እሺ ማዳም» እያለች የምትውል ሴት ነበረች፣ ዓርብ ቀን ደግሞ ማንም እንዲገሥጻት አትፈልግም ነበር። «ታዲያ እርስዎ ምን አተረፉ?» አለቻቸው። «ያን ሁሉ ሆነው ዛሬ የሰው በር ነው የሚጠብቁት። አንድ ሕፃን ደስ ቢላት ምን ይጎድልብዎታል?»

ሻምበል ቀስ ብለው ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ለእናቴ «እግዜር ይስጥልኝ ጥሩዬ» አሏት፣ ጫማቸውን በር ላይ አጥልቀው ክሩን አጥብቀው አሰሩና ወጡ። አባቴ በባዶ ካልሲው ተከትሏቸው ሮጠ። ከመስኮቱ በመጋረጃው ጫፍ በኩል አየሁት፤ ውሃው ውስጥ ቆሞ ሲለምናቸው፣ እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው ጥለውት ሲሄዱ።

ሲመለስ ካልሲው ጠብ ጠብ ይል ነበር። አክስቴ እያለቀሰች ነበር። «ክፉ አልተናገርኩም ደምሴ» አለችው።

«ክፉ አልተናገርሽም» አላት። «እውነት ነው የተናገርሽው። እሱ ነው የባሰው።»

ከዚያ በኋላ ሻምበል መምጣታቸውን አቆሙ። ዓርብ ሲደርስ አባቴ ከምሳ በፊት መንገድ ወጥቶ ቆም ብሎ ይመለስ ነበር፣ ምሳ ላይም ሻምበል የሚቀመጡበትን ቦታ ማንም አይቀመጥበትም ነበር። አክስቴም ስትመጣ እንደ ድሮው አትጋደምም ነበር። እኔ የጥሉ ምክንያት ደረቴ ላይ መሆኑ ገብቶኝ ስለነበር፣ አንድ ቀን እናቴን ሜዳዮቹን እንድትፈታልኝ ጠየቅኋት። ኮቱን ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ ስፌቱን በጥፍሯ ፈትሻ ራሷን ነቀነቀች።

«ብፈታው ቀዳዳው ይቀራል» አለችኝ። «ማዕረጉን የተገፈፈ ሰው ልብስ ነው የሚመስለው። ያ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።»

የካቲት ላይ፣ ጧቱ ገና ብርድ እያለ፣ አባቴ ከጓደኛው አሮጌ መኪና ተውሶ ወደ ሰናኢያ ሊወስደኝ ተነሣ። ኮቱን ልልበስ ወይስ ልተወው ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ስቀር፣ አባቴም እናቴን አያት። እሷ ምሳ ዕቃውን በፎጣ እየቋጠረች ነበር። «ሌላ ኮት የላትም» አለች። «ሰውየው እንደሆነ አይተውታል። ያላ፣ ሂዱ።»

መንገዱ ረጅም ነበር። ቤቶቹ አልቀው መጋዘኖችና የጭነት መኪናዎች ብቻ ሲቀሩ፣ አባቴ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ለኔም ሰጥተውኝ ነበር» አለኝ። «ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ሱዳን ድንበር በእግር ስንሸሽ፣ ወታደር መሆኔ እንዳይታወቅ የደንብ ልብሴን ለአንድ ገበሬ ሰጥቼ አሮጌ ቁምጣና ሸሚዝ ተቀበልኩ። ሜዳዩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ረስቼው አይደለም። በማግስቱ ከመንደሩ ስወጣ የገበሬው ልጅ ሪባኑን ፀጉሯ ላይ አስራው፣ ብረቱ ግንባሯ ላይ እየተወዛወዘ ፍየሎቹን ስታባርር አየኋት። እንዳንቺ ነበረች።»

«ተናደድክ?»

«አልተናደድኩም። ያን ነገር አድርጎ ሲስቅ ያየሁት ሰው እሷ ብቻ ናት።»

«ታዲያ ሻምበል ለምን ተናደዱ?»

«ሻምበል አልሰጡማ» አለኝ። «ተማርከው ሲታሰሩ እንኳ ጫማቸው ውስጥ ከገበሩ ሥር ደብቀውት ነበር። እኔ የሰጠሁትን ነገር እሳቸው ረግጠው ነው ያዳኑት።»

ሻምበል ከፋብሪካው በር አጠገብ ባለች ክፍላቸው ፊት ለፊት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩን ተነሡ፣ አባቴን አቀፉት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ኮቴንም አዩት። እኔ ብረቶቹ እንዳይንሿሹ በእጄ ደረቴ ላይ ይዣቸው ነበር።

«ልቀቂያቸው፣ አይነክሱም» አሉኝ።

አስገቡን፤ ከእናቴ ምሳ ከበላን በኋላ፣ ከትራሳቸው ሥር ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውጥተው መዳፌ ላይ ገለበጡት። የወጣው ነገር ትንሽ ነበር። ብረቱ ተጠፍጥፎ፣ ጠርዙ ተልጦ፣ ከኮከቡ አንዱ ጫፍ ጎብጦ ነበር፣ የሪባኑም ቀለም ምን እንደነበር አይለይም ነበር። አገላብጬ አየሁትና የተሰማኝን ተናገርኩ።

«የኔዎቹ ያምራሉ።»

አባቴ አቀረቀረ። ሻምበል ግን ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ ሳቁ። «ያምራሉ እንጂ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ያንቺዎቹ አልተረገጡም።»

ከዚያም ያን ቀን ቤታችን ሳይጠሯቸው የቀሩትን ስሞች ጠሩ። ቸኩለው አልነበረም፤ እያንዳንዱ ከየት አገር እንደመጣ፣ ማን ዘፋኝ እንደነበር፣ ማን ደብዳቤ ለማጻፍ ለሰው ልብስ ያጥብ እንደነበር እየነገሩን ነበር። አባቴ አንዳንዱን ስም አብሯቸው ይጠራ ነበር። ሜዳዩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ሰማኋቸው፣ መመለስ እንዳለብኝም ረሳሁት። በመጨረሻ ሻምበል ራሳቸው ወስደው ወደ ከረጢቱ መለሱት።

«ልበሺው» አሉኝ ኮቴን እያዩ። «ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ግን ጌጥ ነው በይ። ሜዳይ ነው አትበይ።»

«እሺ» አልኳቸው፣ እንዳሉኝም አደረግኩ።

የአቧራው ወቅት አልፎ ፋሲካ ሲደርስ ሻምበል ወደ ቤታችን መጡ። ሙቀቱ ጀምሮ ነበር። አክስቴ ከኤሲው ፊት ለፊት ካለው ቦታዋ ተነሥታ፣ ትራሱን አራግፋ «እዚህ ይሻልዎታል» አለቻቸው። እሳቸውም ተቀምጠው፣ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው እያሳዩ «አንቺም አትቁሚ፣ ተቀመጪ» አሏት። ስለ ኮቱ ማንም አላነሣም። ምሳው ትኩስ እንደሆነ ተበላ።

ኮቱ በሚቀጥለው ክረምት ጠበበኝ፣ እናቴም ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። ሻምበል ከፊል የሚባለው አሠሪያቸው ኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ስላላደሰላቸው፣ አፈሳው በመንፉሐ ሲበረታና ሰው በአውቶቡስ እየተጫነ ሲወሰድ፣ እጃቸውን ሰጥተው አገር ገቡ። አባቴ ነው እስከ መቀበያው ቦታ ያደረሳቸው። ዛሬ ሁለቱም በስልክ ይነጋገራሉ፤ አባቴ አሁንም ስልኩን ሲያነሣ ከተቀመጠበት ቀና ይላል።

እኔ አሁን ሪያድ ውስጥ በአንድ የሕፃናት መዋያ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ወጣቶቹ እንደዚያ ዓይነት ኮት ለብሰው በየገበያ ማዕከሉ ሲዘዋወሩ አየሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ ላይ የጦፈ ክርክር አሳየችኝ፤ ሜዳይን ለጌጥ መልበስ ክብርን መንካት ነው የሚሉና ልብስ ልብስ ነው የሚሉ ሰዎች ሲሰዳደቡ። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ሻምበልም፣ አክስቴም፣ አባቴም የተናገሩት ሁሉ አሁንም እውነት ይመስለኛል። እኛ ቤት የተከፋው ሰው ስም ነበረው፣ ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይበላ ነበር፣ ቅር ብሎት ሲወጣም በካልሲው ውሃ ውስጥ የሚከተለው ነበረው። በስልኩ ላይ ያሉትን እስከ ታች ድረስ አነበብኳቸው። ሁሉም የመሰለውን ጽፎ ያልፋል፤ ምሳ ቋጥሮ ሰናኢያ ድረስ የሚሄድ ግን አንድም አላየሁም።