ለአባቴ የመጣው የነብር ቆዳ

«ያመጣሁት ስጦታ ነው፣ ሬሳ አይደለም» አሉ የእህቴ እጮኛ አጎት። «እርስዎ ግን ሬሳ ቤቱ እንደገባበት ሰው ፊትዎን አዞሩ።»

«ፊቴን ያዞርኩት ጨው ስለሸተተኝ ነው» አለ አባዬ። «የጥንት ነው ብለውኛል። ይሄ ቆዳ ጨው ከነካው ዓመት አልሞላውም።»

«የጥንት ነው አላልኩም። እንደ ጥንቶቹ ይልበሱት ነው ያልኩት።»

«ማነው የሸጠልዎ?»

«ስጦታ የሰጠ ሰው ከየት አመጣኸው ተብሎ ይጠየቃል?»

ሁለቱ ሰዎች ሲጣሉም «እርስዎ» እየተባባሉ ነበር። ንዴታቸው በጨመረ ቁጥር አክብሮታቸውም ይጨምራል። እኔ የሻይ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዤ ማስቀመጫ አጥቼ ቆሜአለሁ፤ ጠረጴዛችን ላይ ነብር ተዘርግቷል። ላፍቶ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ጭንቅላቱ ከአባዬ ጉልበት፣ ጅራቱ እማዬ ከተቀመጠችበት ሶፋ ሥር ደርሷል። ነብር በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ውብ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ መዋሸት ይሆንብኛል። ጥቁር ነጠብጣቦቹ ጀርባው ላይ ተጠጋግተው ይጀምሩና ወደ ሆዱ ሲወርዱ እየሳሱ ይጠፋሉ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እጮኛዋ አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉትም ያስተማሩትም እኚህ አጎቱ ናቸው። መካኒሳ የብረታ ብረት ሱቅ አላቸው፤ ድምፃቸው ብረት ሲጫን በሚፈጥረው ጫጫታ መሀል መነጋገር ስለለመደ ሳሎናችን ውስጥ ይበዛል። ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ቀንም ክፉ አላሰቡም። ቆዳውን ያመጡት በመልሱ ዕለት አባዬ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት እየፎከረ እንዲገባ ነው። ለሙሽራዋ አባት ከዚህ የበለጠ ክብር አልታያቸውም።

ስህተቱ የጀመረው ከእኔ ነው።

ሽማግሌዎች እህቴን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ ነገሩ በመልካም ካለቀ በኋላ፣ «ታናሽየዋ ገጣሚ ናት አሉ፤ እስቲ አንድ በይልን» ተባልኩ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ገብቼ በወጣሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ነው የለመድኩት። ስለዚህ በይ ስባል እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ተነሳሁና አባቴን አወደስኩ፦

«ዱር የከረመ ነው ጠመንጃውን ይዞ፣
ነብሩን ያስገበረ በቃታው አዝዞ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አጎትየው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ግጥሙ ቤት መትቷል፤ እውነቱን ግን ስቷል። አባዬ አንገቱን ደፍቶ የለስላሳ ቆርኪ በጣቶቹ ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ። ያፈረ መሰለኝ። ሲያወድሱት የሚጨነቅ ሰው ስለሆነ ነገሬም አላልኩት።

አባዬ አዳኝ ሆኖ አያውቅም። ከወጣትነቱ እስከ ጡረታው በደቡብ በኩል ባለ ፓርክ ስካውት ነበር፤ የዱር እንስሳት ጠባቂ። ጠመንጃ ነበረው፤ የተሰጠው ግን እንስሳቱን ከሚገድሉ ሰዎች እንዲጠብቅበት ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል መራመድ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ እንስሳቱ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድ ይከተላል፣ ሰው ያጠመደውን የሽቦ ወጥመድ እየፈታ ይለቅማል። ቀኝ መዳፉን ያቋረጠው ጠባሳ አንዲት ድኩላ ከሽቦ ሲያላቅቅ ሽቦው የቆረጠው ነው። ድኩላዋ ስትለቀቅ ዞራ እንኳን አላየችውም ይላል፤ ሲናገረው ደስ እያለው።

ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ የሚያኮራ አይመስለኝም ነበር። እሱ ፓርኩ እየከረመ እኔ ሀና ማርያም በተማርኩበት ትምህርት ቤት «አባትሽ ስንት አንበሳ ገደለ?» ሲሉኝ «ሰባት» እል ነበር። አንድም አልገደለም፣ እንዳይገደሉ ሲዞር ነው የኖረው ብል ማን አፉን ከፍቶ ይሰማኛል? ቀረርቷችን ለገዳይ የማያልቅ ቃል አለው። ጠባቂ ጋ ሲደርስ ምላሱ ይያዛል። ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላም በሽማግሌዎች ፊት ቆሜ የደገምኩት ያንኑ «ሰባት» ነው፤ ልዩነቱ ቤት መምታቱ ብቻ ነው።

አባዬ ጡረታ ወጥቶ ላፍቶ ከገባ በኋላም ሥራውን አልተወም። ታክሲ ውስጥ በመስኮት ሲያይ ሰው ሕንፃ የሚያይ ይመስለዋል፤ እሱ የመብራት ምሰሶ ላይ ያረፈውን ጭልፊት ነው የሚያየው። እታች ፎቅ ካሉት ሽማግሌ ጋር ደረጃ ላይ ከተገናኙ አይለያዩም። የሽማግሌው ቤተሰብ ይሄን መሬት ሲያርስ የኖረ ነው፤ ቆቅ የት የት ትንጫጫ እንደነበር ያሳዩታል፤ «እዚህ ብሎኩ ጋ» ሲሉት ብሎኩን ትቶ ቆቋን ያይ ይመስል ቆሞ ይቀራል።

አንድ ጊዜ ከሰፈራችን ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ለጅብ ብለው መርዝ የተቀባ ሥጋ መጣላቸውን ሰማ። ጓንት አድርጎ፣ ፌስታል ይዞ ወረደና እየለቀመ ቀበረው። «ሥጋው የጅብ ብቻ ነው ብሎ የሚለይ የለም፤ አሞራውም ውሻችሁም ይበላዋል» አላቸው። «ጅብ ቤትህ ይግባልህ» ብለው ሰደቡት። ከሳምንታት በኋላ ግን ከተሳዳቢዎቹ አንዱ ክንፉ የተጎዳ ጭልፊት በካርቶን ይዞ በራችንን አንኳኳ። «አንተ ታውቅበታለህ ብዬ ነው» አለ።

እንግዲህ ነብሩ የተዘረጋው እንዲህ ያለ ሰው ጉልበት ላይ ነው።

«ልንገርዎ» አለ አባዬ፣ ወደ ቆዳው ጎንበስ ብሎ። አንገቱ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በአውራ ጣቱ ገለጠው። ዙሪያውን የሄደ ቀጭን ባዶ መስመር ታየ። «ይሄ ሽቦ ነው። ጥይት ቢሆን አንድ ቀዳዳ አይቼ ዝም እል ነበር። ሽቦ ሲይዝ ቶሎ አይገድልም። ብዙ ታግላለች።»

«ታግላለች?»

«ሴት ናት።» የሆዱን በኩል ወደ ላይ ገለበጠው። «ጡቶቿን ይዩ። ዙሪያቸው ፀጉሩ ተልጧል። ታጠባ ነበር።»

እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። አጎትየው አዩ፤ ካዩ በኋላ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፋቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «እኔ የማውቀው ብረት ነው። ሰውዬው በማዳበሪያ ከረጢት ሱቄ ድረስ አመጣው፣ አየሁት፣ ወደድኩት። በቃ፣ መልሼ እወስደዋለሁ። እርስዎም ካባ ይለብሳሉ። አለቀ።»

እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ ባለጠባሳውን መዳፉን ቆዳው ላይ አሳረፈ።

«ከእርስዎ ጋር ከወጣ ወደ ሰውዬው ነው የሚመለሰው። ሰውዬው ለሌላ ሠርግ ይሸጠዋል፣ ገበያው ሲሞቅለት ደግሞ ሌላ ያስመጣል። ያለ ፈቃድ መያዙም መሸጡም በሕግ ያስጠይቃል። ጣቢያ እናስመዝግበውና ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይደርሳል። አብረን እንሂድ። ሳላውቅ ገዛሁ ይበሉ።»

«እኔ? ጣቢያ? ልጄን ልድር ስል?»

«ይናገሩ ነው ያልኩት፣ ይታሰሩ አላልኩም።»

«የሚያስሩት ሰዎች እርስዎን ጠይቀው ነው የሚያስሩት? አሁን ሕግ ሕግ ሲሉኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? መካኒሳ ምን ብዬ ላውራ? አማቾቼ ስጦታዬን ተቀብለው አስከሰሱኝ ልበል?»

«እባካችሁ» አለች እማዬ። «ሠርጉ እስኪያልፍ አልጋ ሥር ይቀመጥ። ከዚያ የፈለጋችሁበት ውሰዱት። ነብሯ እንደሆነች ተነስታ አትሄድ።»

«ነብር አልጋዬ ሥር ደብቄ ልጄን ልዳር?»

«ዕድሜህን ሙሉ ከነብር ጋር ስታድር እኔ ምን አልኩህ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁላችንም እንስቅ ነበር። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚህ በላይ ዝም ካልኩ ብርጭቆዎቹን እንደምጥላቸው ስለገባኝ ነው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «አባዬ አንድም ነብር ገድሎ አያውቅም። ጠባቂ ነበር። ያስገበረ ያልኩት ግጥሙ እንዲያምርልኝ ነው።»

አጎትየው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንዲያምርልሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ እንዲያምርልሽ ዋሸሽ፣ እኔ አምኜሽ ነብር ገዛሁ። ጎሽ።»

ያን ጊዜ እህቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አባዬ ወደ እሷ ዞረ።

«ሠርጉ ያንቺ ነው» አላት። «መልሰው ይውሰዱት ካልሽ እጄን አነሳለሁ። ከሚወዱሽ ሰዎች ላጣላሽ አልፈልግም።»

ምን እያላት እንደሆነ እኛ ቤት ያለን ሁሉ እናውቃለን። ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን ሊያደርግላት ነው፤ ወጥመድ አይቶ ሊያልፍ። ድምፁ ወርዶ ነበር፤ መዳፉ ግን ገና ከቆዳው አልተነሳም።

እህቴ ለቅሶ ይቀርባታል። በዚያው ሳምንት ቀሚሷ ወገቡ ጋ ሰፋ ብላ አልቅሳለች። አሁን መጥታ ቆዳው አጠገብ ተቀመጠችና በደረቅ ዓይን አጎትየውን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ የወንድምዎን ልጅ እወደዋለሁ። ለዚህ ያበቁት እርስዎ ነዎት፤ አልረሳውም። ግን በመልሴ ቀን አባቴ አንገቱን ደፍቶ ከሚቀመጥ መልሱ ቢቀር ይሻለኛል። ቆዳው ለሚመለከተው ይሰጥ። እንዳስቀየምኩዎ አውቃለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልቀይርም።»

ብዙ ስንኝ ጽፌአለሁ፤ ያን ቀን እህቴ በዚያ ድምፅ ከተናገረችው ጋር የሚተካከል አንድም የለኝም። ዛሬ ሰው የአባትሽ ሥራ ምን ነበር ሲለኝ ስካውት ነበር፣ አንድም አልገደለም እላለሁ። ጭብጨባም አልጠብቅም።

አባዬ ተነሳ። ቆዳውን ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ የታጠበ ነጠላ እንደሚያጥፍ ሰው ቀስ ብሎ አጠፈና ወደ መጣበት ከረጢት መለሰው።

«ምን ብለው ነው የሚያስረክቡት?» አሉ አጎትየው።

«ቤቴ ተገኘ እላለሁ። ያለው በእኔ እጅ ነው፣ የሚጠየቀውም የያዘው ነው። ስምዎን አላነሳም። እንግዳዬ ነዎት።»

«እርስዎን ቢይዙዎስ?»

«ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። የሻጩን ስም ግን አላውቀውም፤ እሱ በዚህ ያመልጣል። ያጠመደውም ሽቦውን አያነሳም።» ይህን ያለው ያለ አንዳች ወቀሳ ነው፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ።

አጎትየው ከረጢቱን አዩ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «መካኒሳ፣ መካኒሳ» ሲጣራ ይሰማል። ከዚያ ተነስተው የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉ። እየቆለፉ ነው የተናገሩት።

«በእኔ ስጦታ የሙሽራዋ አባት ጣቢያ ቆሞ ሲጠየቅ፣ እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ብረት ላስመዝን? ይሄን ማንም አይለኝም። ይስጡኝ።»

«የት ሊወስዱት?»

«እርስዎ የሚወስዱበት። ሰውዬውን የማውቀው እኔ ነኝ። የት እንደሚገኝም አውቃለሁ። እርስዎ መንገዱን ያሳዩኝ።»

«እህል ሳትቀምሱ?» አለች እማዬ። «ነገ አይደርስም?»

«ዛሬ ነው፣ እመቤት። ካደርኩ ልቤ ይለወጣል።»

ከረጢቱን ከአባዬ እጅ ተቀበሉና ብብታቸው ሥር አደረጉት። አባዬ ኮፍያውን አጠለቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎትየውን ቀና ብሎ አያቸው። አጎትየው ለማንም ሳይሰናበቱ ወጡ፣ አባዬ ተከተላቸው፣ በሩም ተዘጋ።