ቁጥሩ የማይገጥመው ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት አባቴ ከሆስፒታል ወጣ። የዳሌው መገጣጠሚያ አልቆ ኖሮ በብረት ቀየሩለት። ሲሸኙን ነርሷ አንዲት ትንሽ ካርድ ሰጠችን፤ የገባለት ብረት መለያ ቁጥር ተጽፎባታል። እዚህ ኖርዌይ፣ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ገብቶ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ካርዷን ወደ መስኮቱ እያዞረ ሲያያት ቆየና፣ «ይኸው እኔም ቁጥሬ የማይገጥም ሆንኩ» አለኝ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሁለታችንም ያ ሽጉጥ ትዝ ብሎን ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2008 ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አልናብሩ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እለይ ነበር። አርነ የሚባል የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻው መኪና፣ ሹፌር አብሮን ይሠራል። ስድሳውን ያለፈ፣ ወሬ የማይወድ፣ በየቀኑ ምሳው ቡናማ አይብ በዳቦ የሆነ ሰውዬ። በኖርዌይኛ አንቱታ የሚባል ነገር ስለሌለ አባቴን የሚያህለውን ሰው አንተ እለው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከኪሱ ትንሽዬ ብሎን አውጥቶ በናፕኪን ይወለውላል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የሽጉጥ ነው። ሽጉጡ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል።»

እኔ ደግሞ ካላወቅሁ ሆዴን የሚቆርጠኝ ሴት ነኝ። ስጠይቀው፣ ስጠይቀው፣ መመለስ ሲሰለቸው ይዞኝ ሄደ።

የተኩስ ክበቡ ከግሮሩድ በላይ ጫካው ዳር ነው። መከር ነበር፤ መንገዱ በእርጥብ ጥድ ሽታ ታጥኗል፣ ሴቶች በባልዲ እንጉዳይ ይዘው ይወርዳሉ። ከተኩስ በኋላ እንጆሪ ማርማላታ የተቀባ ትኩስ ቫፈል፣ የእነሱ ጣፋጭ ቂጣ፣ ይበላል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የወደድኩት ቫፈሉን ነው። ሽጉጡን ግን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የኖርዌይ ጦር ድሮ የታጠቀው ዓይነት ነው፤ አካሉ ላይ አንድ ቁጥር፣ አፈሙዙ ላይ ሌላ ቁጥር ተመቷል።

«ሰብሳቢዎች እንደዚህ ያለውን ዞር ብለውም አያዩት» አለ አርነ። «ግን ይመታል።»

ነገሩ ከነከነኝ። አባቴ አገር ቤት ሳለ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። እዚህ ከመጣ ጀምሮ መሀል ከተማ ቢሮ ያጸዳል፤ ጠመንጃ ያለበት ፊልም እንኳ ሲመጣ ተነስቶ ይወጣል። ስለ ክበቡ አልነገርኩትም፤ ጫካ ልሮጥ ነው እያልኩ ነው የምሄደው። አንድ ቀን እራት ላይ አላስችል ሲለኝ፣ «አባዬ፣ መሣሪያ ላይ የሚመታው ቁጥር ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«መታወቂያው ነው። ካልገጠመ አንዱ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ብዪ አሁን፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ጉዴን ያመጣብኝ ይኼ መልስ ነው።

አርነ ለመለዋወጫ ያስቀመጠው ሌላ የዛገ ሽጉጥ ነበረው፤ ሁለቱንም የገዛው ከአንድ ቤት ነው። ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ የዚያ ቅዳሜ ውድድር የመጨረሻው ሊሆን ነው። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሁለቱንም ለጽዳት ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ዒላማ ሊሰቅል ወጣ። እኔ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። ጉድ በሉ! የዛገው ሽጉጥ አፈሙዝ ላይ ያለው የዚህኛው አካል ቁጥር ነው! ስንት ዓመት ተለያይተው የኖሩትን ላገናኝለት ነው ብዬ በደስታ ሰከርኩ። ቁጥር ያለውን ሁሉ ከቁጥሩ አገናኘሁ። ቁጥር የሌላቸውን ፒኖችና ሞላዎች፣ የሁለቱንም፣ አንድ የዘይት ጣሳ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው።

አርነ ተመልሶ ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ገጣጠመው፤ አልዘጋ አለ። የድሮውን አፈሙዝ መለስንበት፤ አሁንም አልዘጋ አለ፣ ምክንያቱም ከጣሳው የወጡት ጥቃቅን ብረቶች የቱ የየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይኼን ስናወጣ፣ ያንን ስንከት፣ መሸብን። ቢቆጣኝ በወደድኩ። እሱ ግን በኖርዌይኛ «ያ»፣ አዎ፣ ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበና መብራቱን አጠፋ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ መዋሸቴንም ጭምር። ምግቡን ገፋ አደረገው። ከዚያ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። ዓርብ ሳልነሳ ወደ ሥራ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«የት ነው ቦታው?» አለኝ።

ክበቡ ደርሰን ከአርነ ጋር ተጨባበጡ። አባቴ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ እያንዳንዷን ፒን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ወደ ብርሃን ያያት ጀመር። አርነ እንደ ተማሪ አጠገቡ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብረቶቹ በሁለት ረድፍ ተለዩ። ከዚያ አፈሙዙን አነሳ፤ ቁጥሩ የማይገጥመውን።

«አባዬ፣ እሱ እኮ የሌላ ነው» አልኩት።

«ስንት ዘመን አብረው ታሽተዋል። ይኸው፣ የተፋቀበትን እዪው። ቁጥሩን ተይው።»

እየገጣጠመ፣ ቀና ሳይል፣ በአማርኛ ቀጠለ። «አንድ ወታደር ነበር። የጠመንጃው መቀርቀሪያ ቁጥር አልገጥም ብሎኝ ሪፖርት ጻፍኩበት። ሰብሰብ ብለው ሲያጸዱ እንደተቀያየረ አላጣሁትም። ጠመንጃው ደህና ይሠራ ነበር። እኔ ግን መዝገቤ እንዲስተካከል ጻፍኩ። ሌሊት መጥተው ወሰዱት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልተመለሰም። የጠመንጃውን ቁጥር አሁን ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። የልጁ ስም ግን ጠፋኝ።»

የላይኛውን ብረት ሳበው፤ ቀጭ ብሎ ዘጋ። ለአርነ በሁለት እጁ አቀበለው።

አርነ አላሸነፈም፤ ግን አምስቱንም ጥይት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ አሳረፈ። ቫፈል ይዞ መጣና ለአባቴ ሰጠው። ጣፋጭ የማይወደው አባቴ አንድም ሳያስቀር በላው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጁን እያሸተተ ነበር፤ የዘይቱ ሽታ አልለቀቀውም። እኔም ከዚያ በኋላ ተደብቄ አልሄድኩም፤ «ልተኩስ ነው» ብዬ ነው የምወጣው፣ እሱም «ተጠንቀቂ» ብቻ ይለኛል።

አርነ ካረፈ ቆየ። እኔም አርባን እየተጠጋሁ ነው፤ ካላወቅሁ የሚቆርጠኝ ሆዴ ግን እንዳለ ነው። እና ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ካርድ ለምን እንደሚያያት ልጠይቀው ስል ስተው ሰነበትኩ። ትናንት ክራንቹን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እስከ ወጥ ቤት ሄደ። ደርሶ ተመለሰ። ካርዷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ይኼን አስቀምጪልኝ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቀን ይሆናል» አለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ስከታት ወንበሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ጌታሁን» አለ።

«ማነው ጌታሁን?»

«ወታደሩ። ጌታሁን ነበር ስሙ። ከቀዶ ጥገናው ሰመመን ስነቃ አፌ ላይ አገኘሁት። የጠመንጃው ቁጥር ግን ጠፋኝ።»