ጋሽ መስፍን ሬንተን ላይ የደበቋት ሳጥን

«ጋሽ መስፍን አረፉ» የሚለውን ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት በማኅበራችን ግሩፕ ላይ ሳየው አላመንኩም። ምንጩ ያልተነገረ ወሬ አልወድም። ማን እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማ የሚል የለም፤ ከሥሩ የሻማ ምስል ብቻ ተደርድሯል። ተናድጄ ባለቤታቸው ጋ ደወልኩ።

«እትዬ አልማዝ፣ ይሄ የሚወራው ምንድነው?»

«እውነት ነው ወንድሜ» አሉኝ። «ቁርሱን በልቶ፣ እዚያችው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም።

ቀትር ላይ ደግሞ አንዱ «ጫካ ውስጥ ለልጆች መጫወቻ ይደብቁ የነበሩት ደግ ሽማግሌ» ብሎ ጻፈ። ደግነታቸውን ማንም አይክድም። መጫወቻ ግን አልደበቁም። ሳያውቅ የሚጽፍ ሰው ከበዛ የሚያውቅ ዝም ማለት የለበትምና የማውቀውን ልጻፍ።

ጋሽ መስፍን አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ያለችው ሬንተን፣ ልጃቸው ዘንድ መጡ። ልጃቸው ቤት መዋል እንዳይሰለቻቸው ብሎ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ገዛላቸው። ያኔ ስልካችን ሁሉ ካርታ አልነበረውም። ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታም አሳያቸው። አንዱ ሳጥን ይደብቅና ያለበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያወጣል። ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ ይደብቀዋል።

ጋሼ ግን ቁጥሩን እንዲሁ መስጠት አልወደዱም። «የተሰጠ ነገር ማን ያስታውሳል?» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሚያስተምሯቸው ልጆች ቁጥሮቹን የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ሸሸጓቸው። አንዱ ኤክስን ፈልገው ሲያገኙ ይወጣል፣ ሌላው የሦስት ማዕዘን ስፋት ሲሰላ። «ጋሽ መስፍን ወርቅ ቀብረዋል» እያሉ የቀለዱባቸው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ሻማ የለጠፉትም እነሱ ናቸው።

ልጆቹ «ጋሼ፣ ልክ ነኝ?» ሲሏቸው አዎም፣ አይደለምም አይሉም።

«ሄደህ እየው!»

መልሳቸው ይቺው ነበረች።

በዚያ ሰሞን ልጄ መክሊት ትምህርት ቤቷ ውስጥ ዝቅተኛው የሒሳብ ክፍል ተመደበች። የምደባው ፈተና ላይ ደንግጣ ግማሹን ባዶ ትታ ወጥታ ነበር። እዚያ ክፍል የገባ ልጅ ካልኩለስ ሳይነካ ሃይስኩል እንደሚጨርስ አውቃለሁ። አንድ ወዳጄ «ምን አስጨነቀህ? ቀላል ከሆነላት ኤ ታመጣለች» አለኝ። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ ተኳርፈን ቆየን። ከሁሉ የከፋው ግን የራሷ የመክሊት ነገር ነበር። «ኢትስ ኦኬ አባ፣ እኔ ማዝ አልችልም» ብላ ተቀበለችው።

ትምህርት ቤቱ ሄጄ ልጮህ ስነሣ ጋሼ ያዙኝ።

«ጩኸትህን አስቀምጠው። ልጅቷን ቅዳሜ ይዘህልኝ ና።»

ይዣት ሄድኩ። መክሊት ጥያቄውን ሠርታ ያገኘችውን ቁጥር ጂፒኤሱ ላይ ሞላች። የወጣላትን ካርታ አየችና፣

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ያለው ቻይና ነው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «ሶ፣ ፓስፖርት እናውጣ?» አለ። ሌላው ጊዜ ቢሆን አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ሒሳቡን አልተሳሳትኩም። ጋሼ ምሥራቅ ብለው ነው የጻፉት። ሲያትል ያለው ምዕራብ ነው። የምዕራብ ምልክቱ፣ ማይነሱ፣ ይጎድለዋል።»

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩት ካርታ፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ ሁሉም ኬንትሮሱ ምሥራቅ ነው። እጃቸው ምዕራብ ብሎ መጻፍ አልለመደም። «ሆን ብዬ ነው፣ ልፈትናችሁ ብዬ» የሚል መምህር ብዙ አይቻለሁ። ጋሼ ተነሥተው ቆሙ።

«እኔ ተሳስቻለሁ፤ መክሊት ልክ ናት። አጨብጭቡላት!»

ልክ እንደ አገር ቤት ክፍል ተጨበጨበላት። ማርከሩን ሰጥተው የጎደለችውን ምልክት ሰሌዳው ላይ በራሷ እጅ አስጻፏት።

«አሁንስ ልክ ነው፣ ጋሼ?»

«ሄደሽ እዪው!»

ዝናብ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ፓርክ ውስጥ፣ የወደቀ ግንድ ሥር፣ በእርጥቡ ቅጠል መሃል እጇን ሰድዳ ሳጥኗን አወጣቻት። ወረቀቱ ላይ ከማንም በፊት ስሟን ጻፈች፤ በአማርኛ።

ከዚያ ጋሼ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልሰውና ለሒሳብ መምህሯ እንድትሰጣት ነገሯት። አቤቱታ የለ፣ ክርክር የለ። መምህሯ ወዳው ሠርታው፣ እሑድ ውሻዋን ይዛ ሄዳ ሳጥኗን አገኘቻት። ወረቀቱ ላይ ከሷ በፊት የተጻፈ፣ ማንበብ ያልቻለችው ስም አየች። ሰኞ መክሊትን «ይህ ፊደል የእናንተ ነው? ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ።

መምህሯ እንደገና አስፈተነቻት። ባዶ የተወችው ጥያቄ አልነበረም። ክፍሏ ተቀየረ። ዛሬ መክሊት መሐንዲስ ናት፤ ይህን የምጽፈው ደረቴን ነፍቼ ነው።

ዛሬ ደውዬ ማረፋቸውን ነገርኳት። ከዚያ «አባ፣ ሳጥኗ አሁንም አለች?» አለችኝ።

«ሄደሽ እዪው» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

አመሻሹ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። ሳጥኗ አለች። ወረቀቷ በማያውቁን ሰዎች ስም ሞልታለች፤ ከሁሉም በላይ የልጄ ስም።

ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ወዲያኛው ዓለም ለመኖሩ ማስረጃ አምጡ ብዬ ስሞግትዎት ትከሻዬን መታ አድርገው «አትቸኩል፣ ሄደህ ታየዋለህ» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ይኸው ቀደሙኝ። እንግዲህ ይዩት። ስምዎን ከላይ ይጻፉልኝ፣ በአማርኛ። ስመጣ አነበዋለሁ።