በጋቢ ያልተታለለው ካሜራ

ሰሞኑን ልጄ ማርታ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። «እማ፣ አሮጌ የፊልም ካሜራ ልገዛ ነው፤ ስላይድ ነው የማነሳበት» አለችኝ። የዝንብ ክንፍ ሳይቀር አጥርቶ የሚያነሳ ስልክ በኪሷ ይዛ እኮ ነው! እዚሁ ቡራዩ፣ ከታክሲ መያዣው አጠገብ፣ አሮጌ ካሜራ እየጠገነ ወደሚሸጥ ሰው ሱቅ ወሰደችኝ። የእሷ ዓይን ያረፈው በአንድ የሚያብለጨልጭ ካሜራ ላይ ነበር። እኔ ግን ከመደርደሪያው ጥግ ጥቁር ቀለሙ ተፍቆ ነሐሱ ብቅ ያለ፣ ከበድ ያለ ካሜራ አነሳሁ። ስጫነው «ቀጭ!» ያለው ድምፅ እማዬን ከነሹሩባዋ አምጥቶ አጠገቤ አቆማት።

ልጅ እያለሁ ስለ ካሜራ ከእማዬ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ይህንንም ለሰፈሩ ልጆች ሳልናገር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እማዬ፣ ስሟ ለሊሴ፣ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ስላይድ እንዴት እንደሚነሳ በመምህራን ማሠልጠኛ ተምራለች። የእኔ እኩዮች ታስታውሱታላችሁ፤ ስላይድ ወረቀት ላይ አይታተምም፤ ፊልሙ ራሱ በትንሽ ክፈፍ ገብቶ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያል። ትምህርት ቤቷ ፕሮጀክተር ነበረው፤ አብረውት የመጡት ስላይዶች ግን የሰው አገር በረዶና የሰው አገር ወደብ ብቻ ናቸው። እማዬ «የራሳችንን ማን ያነሳልናል?» እያለች ትንጨረጨር ነበር። ካሜራ ግን አልነበራትም።

ካሜራውን የግድ ያደረጉት አባቷ ናቸው። ሱሉልታ ይኖሩ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በኦሮምኛ አካኮ፣ አያታችን እንላቸዋለን፤ ጎረቤቱ ኦቦ ደበላ ይላቸዋል። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበራቸው። ዳማ ላይ ወጥተው መስኩን ሲያቋርጡ ማየት ነበር! በኋላ ግን ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ሐኪሙ የሚመለስ ዓይነት አይደለም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ትልቅ ነገር ያያሉ፤ ትንሽ ነገር እጃቸው ላይ ቢሰጧቸውም አያዩም። ያን ሰሞን አንድ ቀን ዳማን እየደባበሱ፣ «ይሄ ዓይን ጨርሶ ሳይሄድ እኔና ዳማን አንድ ላይ ባየን» አሉ። እማዬ ይህን ሰማች፤ ካሜራ ልትገዛም ያን ዕለት ቆረጠች።

ፎቶ አልተነሱም ማለት አይደለም። በሰርጉም፣ በክርስትናውም ተነስተዋል። ግን በእኛ አገር ፎቶ ልነሳ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ያለውን ነጭ ሁሉ ይለብሳል። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። እናም የአካኮ ፎቶ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚያበራ ጋቢ፣ ከላዩ ፊት መሆኑ የማይለይ ጥቁር ነገር። ገና ዓይናቸው ደህና በነበረበት ጊዜ አንዱን ፎቶ አገላብጠው አይተው፣ «ጋቢዬን አንስታችሁታል፤ እኔ የት አለሁ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የእማዬ ሐሳብ እንግዲህ ስላይድ ነበር። ግድግዳ የሚያክል ፎቶ ከሆነ ያ የደከመ ዓይን ሊያየው ይችላል። ችግሩ ስላይድ ምሕረት አያውቅም። የወረቀት ፎቶ ቢጨልም ፎቶ ቤቱ ሲያትም ትንሽ ያቃናዋል። ስላይድ ግን አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው። ፊልሙ የሚታጠበው ውጭ አገር ተልኮ ስለነበር እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ የአካኮ ዓይን ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ የሚጠብቅ አልነበረም።

ካሜራ ልንመርጥ ፒያሳ የወረድን ቀን እኔ አዲሱን ሹራቤን ለብሼ ነበር። ሱቁ የቆዳና የማሽን ዘይት ይሸታል። ሻጩ ምላሱ የሰላ ጎልማሳ ነው፤ ገና ስንገባ የሚያብለጨልጭ ካሜራ ከነረጅም ሌንሱ መስታወቱ ላይ ዘረጋ። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ሁሉን በራሱ ነው የሚያደርገው። መጫን ብቻ ነው!» እኔ ወዲያው ተሸነፍኩ። እንደዚያ ያለ ረጅም አፍንጫ ያለው ካሜራ ሰፈር ይዤ ስገባ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

እማዬ ግን ሌላ ነገር አደረገች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መስኮቱ ጋ ባለው ወንበር ላይ ጣለችና ካሜራውን ደገነችበት። ቀጥላ ሌላኛውን እጇን ዘርግታ፣ መዳፏ ላይ ደገነችው። ነጠላውና መዳፏ የቆሙት በአንድ ብርሃን ነው። ካሜራው ግን ነጠላውን ሲያይ አንድ የብርሃን ልክ፣ መዳፏን ሲያይ ሌላ ነገራት። «ይሄ በነጭ ይታለላል» አለች። ሻጩ «ኧረ እመቤቴ፣ ካሜራ አይታለልም!» ቢላት፣ «ታዲያ ሁለት አፍ ለምን ኖረው?» አለችው። ሁሉም መታለሉ አይቀርም፤ የዚህኛው ጥፋት ግን ሲታለል እጁን ይዞ የሚያርመው ቁልፍ የሌለው መሆኑ ነበር።

ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ የተፋፋቀ ጥቁር ካሜራ አስወረደች። ምንም ነገር በራሱ አያደርግም። ውስጡ ያለች ቀጭን መርፌ ብርሃኑን ትነግርሻለች፤ መወሰኑ ግን የአንቺ ነው። እማዬ የኋላ ክዳኑን ከፈተች፤ ቀለበቱን እያዞረች ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ በፈጣኑም በዘገምተኛውም ፍጥነት እያስተኮሰች ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ሻጩ «ይሄ እኮ መልኩ ተበላሽቷል» ሲላት፣ «ልድረው አይደለም፤ ላነሳበት ነው» አለችው። አቤት ያን ቀን እንዴት ኮራሁባት!

ሌንሱ ላይ ደግሞ የባሰች ሆነች። እያንዳንዱን ወደ ሰማይ ይዛ በውስጡ ታያለች። ያ የጓጓሁለት ረጅሙ ሌንስ ክረምቱን ሁሉ በቆዳ ቦርሳ ተቆልፎበት ከርሞ ኖሮ ውስጡ ሻጋታ አውጥቷል፤ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል። «ሳጥኑ ቢቧጨር ግድ የለኝም፤ ዓይኑ ከታመመ ግን ምን ይሠራልኛል?» አለች። ይህን ስትል የአባቷ ነገር መሆኑ እኔም ገባኝ። በመጨረሻ ሁለት አነስ ያሉ ጥርት ያሉ ሌንሶች መረጠች፤ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ለማንሳት። አካኮ ካሜራ ከቀረባቸው ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ድርቅ ይላሉ፤ ዳማም ይበረግጋል። የሩቁን ያስመረጣት ይህ ነው።

ሱሉልታ የደረስን ጠዋት መስኩ የታጨደ ሣር ይሸት ነበር። አክስቴ ጫልቱ ከበር ጀምራ በኩራት ተቀበለችን። ለካ አባቷ አምረው እንዲነሱ ብላ ጋቢውን በሳሙና ፈትጋ፣ በኦሞ ዘፍዝፋ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ አድርጋዋለች! እማዬ ራሷን ይዛ «ወይኔ ጫልቱ፣ ጉድ ሠራሽኝ!» አለች። አክስቴ «ምን አጠፋሁ? በቆሻሻ ላስነሳቸው ነበር?» ብላ ተቆጣች። አካኮንም ጋቢውን ከላያቸው የሚያስወልቃቸው ሰው አልተገኘም፤ ፎቶ በጋቢ ነው አሉ፣ አለቀ።

እማዬም አካኮ ከዳማ ጎን ወደቆሙበት ቀጥ ብላ ሄደች። ጋቢውን ትታ፣ መዳፏን ከአባቷ ጉንጭ ጎን ዘረጋችና ብርሃኑን ከእጇ ላይ ለካች። በዚህ መሃል ደንግጣ ይሁን ቸኩላ ቁልፉን ተጫነችው፤ «ቀጭ!» አለ። ከዚያ ሌንሱን ቀይራ ራቅ አለች። ያ የሚያበራ ጋቢ ሲታያት መርፌዋ ዘላ ልታሳስታት ብትሞክርም አልሰማቻትም፤ መዳፏ የነገራትን ይዛ አነሳች። አካኮ ልጃቸው ከሩቅ እያነሳቻቸው መሆኑን ረስተው ዳማን በኦሮምኛ እያጫወቱት ነበር።

ፊልሙ ተልኮ እስኪመለስ ቤታችን ሰላም አጣ። አካኮ መጀመሪያ የደጃፋቸውን ባሕር ዛፍ፣ በኋላ የሰውን መልክ መለየት አቃታቸው። እማዬ ቀን ታስተምራለች፤ ማታ «ቢጨልምስ?» እያለች ራሷን ትበላለች። ስላይዱ የመጣ ዕለት እሷ እንኳ ቀድማ ልታየው አልደፈረችም።

እሑድ ከቀትር በኋላ የአካኮን ቤት መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንናቸው። ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከጸሎት ቤትም የተመለሰው ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ቤቱ ጢም አለ። ፕሮጀክተሩ ጉርር አለና ግድግዳው ላይ የወጣው አካኮም፣ ዳማም አልነበሩም። በስሕተት የተነሳው የእማዬ መዳፍ ነበር! ሰዉ ሳቀ፤ እማዬ አፍራ ልታሳልፈው ስትል አካኮ ዱላቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ሣር ስናጭድ ማጭድ የቆረጠሽ ጣት አይደለም እንዴ፣ ለሊሴ?» ጠባሳው እውነትም እዚያው አውራ ጣቷ ላይ ነበር። ሳቁ ቆመ። አካኮ አዩ!

እማዬ ቀጣዩን አመጣች። ዳማ ከነቡናማ ቆዳው፣ ጋቢው ከነጥለቱ፣ ከጋቢው በላይ ደግሞ አካኮ ራሳቸው፣ ከነግንባራቸው መስመር፣ ከነነጭ ሪዛቸው፣ ፈገግ ብለው። አካኮ ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። «አካኮ፣ ይቀመጡ፣ ከለሉን!» ብንላቸው ማን ሰምቶ። ተጠግተው የዳማን ግንባር ዳሰሱ፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ሲያርፍባቸው ፈረሱ ከግድግዳው ወርዶ በጋቢያቸው ላይ ቆመ። ወደ እኛ ዞሩና፣ «ጋቢዬም አለ፤ እኔም አለሁ» አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ።» እማዬ እዚያው ፕሮጀክተሩ አጠገብ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም «እናቴ እኮ ናት!» እያልኩ ቤቱን ዞርኩት።

ዛሬ ያ መስክ ቤትና አጥር ሆኗል። አካኮም፣ ዳማም፣ እማዬም የሉም። ስልኬ ውስጥ ዞሬ የማላያቸው ፎቶዎች ሞልተዋል፤ ልጆቼ ሲበሉም ሲተኙም አለ። ለአንዱም ግን መስኮት ሸፍነን፣ ጎረቤት ጠርተን አልተቀመጥንም። አይ ጊዜ! ያኔ ሰው ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ልብ ነበረው።

ማርታ ይህን ታሪክ ከነገርኳት በኋላ የሚያብለጨልጨውን ትታ የተፋፋቀውን ገዛች፤ ሌንሱንም እንዳሳየኋት ወደ ሰማይ ይዛ መረጠች። ደጅ ስንወጣ «እማ፣ የመጀመሪያውን አንቺን» አለችኝ። ነጭ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ልትጫን ስትል ቆም አለችና መጥታ መዳፏን ጉንጬ አጠገብ ዘረጋች። «ነጠላሽ ብቻ እንዳይወጣ ነው» አለች። አያቷን አታውቃትም፤ አዘረጋጓ ግን ቁርጥ እሷን ነው። ደረቴን ነፋሁ፣ ቀና አልኩ።

«አንሺ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «አለሁ።»