የሰኔው ኮሶ

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ፊት የደረቀ የኮሶ አበባ ተዘርግቶ አየሁና ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ ምሬቱ ከአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ የሚይዘው ያ ሽታ፣ ጉልበቴ በከዳኝ በዚህ እድሜ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደኖርንበት የጊንጆ ሰፈር ቤታችን መለሰኝ።

አያቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ከሊሙና ከሸቤ ቡና በበቅሎ የሚያመጡ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸው ነበሩ፤ እጃቸው እንደሚሰፉት ቆዳ የደረቀ፣ ቃላቸውም እንደዚያው የማይታጠፍ ሰው። ሰኔ በገባ ቁጥር ኮሶ ይጠጣሉ፤ ትሉን ብቻ ሳይሆን የክረምቱን ደዌ ሁሉ አስቀድሞ ጠርጎ የሚያወጣላቸው ይመስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሳል ሰንብቶባቸው ሰውነታቸው አልቆ ነበርና፣ ላም ያረቡ የነበሩት ጎረቤታችን አደ ሐሊማ ኮሶው ሲበጠበጥ ደረሱ።

«ማሎ አባባ፣ እባክዎ ይተዉት! ዝናቡ ደጅ ቆሞ ሆድዎን ባዶ ያደርጉታል?»

«ሐሊማ፣ ቤት የሚጠረገው እንግዳ ሳይመጣ ነው።»

«እንግዳው ጉንፋን ነው እኮ! ወላሂ፣ ለጉንፋን ቤት የሚጠርግ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

አያቴ ሳቁና ጠጡት። ከዚያ በኋላ ቀና ማለት አቃታቸው፤ ዝናቡም ገባ፣ ጉንፋኑም ከቤት ቤት ዞረ፤ እኛ ልጆቹ ስናስነጥስ ሰንብተን ተነሣን፣ እሳቸው ግን ትንፋሽ እያጠራቸው አልጋ ላይ ቀሩ። አደ ሐሊማ በየማለዳው በጭቃው እየተንሸራተቱ እርጎ ያመጣሉ፤ አያቴ የሐዋርያት ጾም ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የነፍስ አባታቸው መጥተው ለበሽተኛ ተፈቅዷል ቢሏቸው፣ «የተፈቀደው ለደካማ ነው» አሉ። ጾሙ ሳይፈታ አረፉ።

እርጎው ያድናቸው ነበር ብዬ አልምልም። ጾምንም አልነቅፍም፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን ሐኪሜ፣ የሽማግሌ አንጀት በደንብ ካልተያዘ ሰውነት የብርድ በሽታን የሚመክትበት ኃይል ያንሰዋል ሲለኝ፣ በጆሮዬ የሚያቃጭለው የአደ ሐሊማ ቁጣ ነው። ራስን መግዛት መልካም ነው፤ እልህም ያንኑ ልብስ ለብሶ ይመጣልና መለየት ያስፈልጋል።

አደ ሐሊማም አለፉ፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው የእሾህ አጥር ፈርሶ ግንብ ቆሟል። ዘንድሮ ሳል ሲያጣድፈኝ ልጆቼ በር ላይ ቆመው «አባባ፣ ደኅና አደሩ?» ይሉና ድምፃቸውን አጥፍተው ይሄዳሉ፤ እንዲያከብሩኝ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው። አያቴ፣ ባይሰሙትም እንኳ፣ የሚቆጣቸው ሰው ነበራቸው።